ሀብቱ ሳያልቅ የተዘጋው የብረት ጕድጓድ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

ብረት የማይገባበት የሰው ሥራ የለም። የገበሬው ማረሻና ማጭድ፥ የልብስ ሰፊው መርፌ፥ የአናጢው ምስማር፥ የድልድዩ ተሸካሚ፥ የባቡሩ ሐዲድ ሁሉ ብረት ነው። ነገር ግን ምስማሩን በመዶሻ የሚመታ ሰው፥ ያ ብረት ከየት መጣ፥ ማን አወጣው፥ በምንስ መሣሪያ አወጣው ብሎ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። ዕቃው ከእጅ ከገባ በኋላ የተወለደበት ስፍራ ይረሳል። ስለዚህ በዛሬው ንግግሬ ብረት ከሚወለድባቸው ስፍራዎች አንዱን፥ ማለት በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት የሚገኘውን፥ ሱዳን የተባለውን አሮጌ የምድር ውስጥ ማዕድን ላስታውቃችሁ አስቤአለሁ።

ይህን ማዕድን የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ ሰዎች ከሰባት መቶ ሜትር በላይ ወደ ምድር ሆድ ወርደው ብረት ያወጡባቸው ዋና ዋና መሣሪያዎች ለትምህርት ተጠብቀው በመቆየታቸው ነው። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ግን ይህ ነው፤ ማዕድኑ በ1962 ዓ.ም. በተዘጋ ጊዜ ብረቱ አላለቀም ነበር። ሀብቱ ሳያልቅ፥ መሣሪያው ሳይሰበር፥ ሠራተኛውም ሳይሰለች አንድ ሥራ ስለ ምን ይቆማል? ይህን ጥያቄ የሚመረምር ሰው ስለ ማዕድን ብቻ ሳይሆን ስለ ሥራ ሁሉ የሚማረው ነገር አለ። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሱዳን የሚለው ስም የጎረቤታችን አገር ስም ስለ ሆነ አድማጩን ያስደንቀው ይሆናል። ስፍራው ግን ከአፍሪካ እጅግ የራቀ፥ ከካናዳ ወሰን ብዙ የማይርቅ፥ በቨርሚሊዮን ሐይቅ ደቡባዊ ዳር የሚገኝ ደን የለበሰ አገር ነው። ብርዱ ከመጠን በላይ ስለ ሆነ፥ የሐሩሩን አገር ስም ለበረዶው አገር በቀልድ አወጡለት ይባላል። ስሙ ቀልድ ቢሆንም ብርዱ ቀልድ አይደለም። ከማዕድኑ አጠገብ ባለችው ታወር በምትባለው ከተማ በፌብሩዋሪ ወር 1996 ዓ.ም. ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ቅዝቃዜ ተመዝግቧል። ይህም በሚኒሶታ ግዛት ከተመዘገበው ሁሉ የበረታው ነው።

ወደ ታሪኩ ስንመለስ፥ ብረቱ የተገኘው ሰዎች ሌላ ነገር ሲፈልጉ ነው። በ1865 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር ወርቅ ተገኘ የሚል ወሬ ተሰምቶ ብዙ ሰው ወደዚያ ጐረፈ። የሐይቁ ዙሪያ ኦጂብዌ ከሚባለው ሕዝብ ወገን የሆኑት የቦይስ ፎርት ሰዎች አገር ነበረ። የወርቁ ወሬ በተሰማ በዓመቱ፥ በ1866 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገው ውል እነዚህ ሰዎች መሬቱን እንዲለቁ ተደረገ። ወርቁ ግን ወሬ ብቻ ሆኖ ቀረ። ወርቅ ፈላጊዎቹ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ፥ ጆርጅ ስተንትስ የተባለው የመሬት ቀያሽ ዐይኑን የጣለው ሌላው ሰው ረግጦት ባለፈው በቀዩና በከባዱ ድንጋይ ላይ ነበር። ያም ድንጋይ ብረት ነው።

ይሁን እንጂ ሀብት መኖሩ ከመታወቁና ጥቅም ከመስጠቱ መካከል ብዙ ዓመት አለፈ። መንገድ በሌለበት ደን ውስጥ ያለ ብረት ከድንጋይ አይሻልም። ሻርለማኝ ታወር የተባለው የፔንሲልቬንያ ባለጠጋ በ1882 ዓ.ም. የሚኒሶታ የብረት ኩባንያን አቋቋመ፤ ቀጥሎም ደኑን እያስመነጠረ ከማዕድኑ እስከ ሱፒሪየር ሐይቅ ወደብ ድረስ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የባቡር ሐዲድ አዘረጋ። ጁላይ 31 ቀን 1884 ዓ.ም. የመጀመሪያው ባቡር ብረቱን ጭኖ ተነሣ። ከሚኒሶታ ምድር የብረት ማዕድን ተጭኖ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከወደቡም ብረቱ በመርከብ እየተጫነ፥ በታላላቆቹ ሐይቆች ላይ አልፎ፥ ወደ ብረት ማቅለጫዎቹ ከተሞች ይጓዝ ጀመር። በ1901 ዓ.ም. ታላቁ የአሜሪካ የብረት ኩባንያ ዩናይትድ ስቴትስ ስቲል በተቋቋመ ጊዜ ማዕድኑ የእርሱ ሆነ፤ ሥራውንም ኦሊቨር የተባለው ቅርንጫፍ ኩባንያው ይመራው ነበር።

የማዕድኑ ድንጋይ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ካልተረዳን የመዘጋቱን ምክንያት ልንረዳው አንችልም። ብረት በተፈጥሮ ጥሩ ሆኖ፥ ብቻውን ተለይቶ የሚገኘው ከስንት አንድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኦክሲጅን ከሚባለው የአየር ክፍል ጋር ተዋሕዶ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። ዝናብ የመታው ማጭድ ቀይ ዝገት የሚያወጣው ብረቱ ከኦክሲጅን ጋር ስለሚዋሐድ ነውና፥ ማዕድኑንም እንደ ጠና ዝገት ብንቈጥረው ከእውነቱ አንርቅም። ብረት ማቅለጥ ማለት ደግሞ ይህን ኦክሲጅን ከብረቱ ማፋታት ነው። የእኛ አገር አቅላጭ ማዕድኑንና ከሰሉን በአንድነት ከምሮ ወናፉን ሲነፋ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። ከሰሉ በግለቱ ጊዜ ኦክሲጅኑን ከማዕድኑ ነጥቆ ይወስድና ብረቱ ለብቻው ይቀራል። ታላቁ የፋብሪካ ምድጃም ቢሆን በመጠን ይለያል እንጂ በሕጉ አይለይም።

የሱዳን ማዕድን ሄማታይት የሚባለው ነው። ስሙ ደም ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ሲሆን፥ ድንጋዩ ሲፈጭ ዱቄቱ እንደ ደም ስለሚቀላ የተሰጠው ነው። ንጹሕ ሄማታይት ከመቶ 70 እጅ ያህሉ ብረት ሲሆን የሱዳኑም ከመቶ 60 እጅ በላይ ብረት ነበረበት። ከዚህም ሌላ እጅግ ጠንካራና ከባድ፥ ሲሰበርም የማይፈረፍርና ድብልብል ሆኖ የሚወጣ ነበር። ይህን ጥንካሬውን እንድታስታውሱልኝ እለምናለሁ። ማዕድኑን ለብዙ ዘመን ያከበረው ይህ ጠባዩ ነው፤ በኋላም ያሳጣው ይኸው ጠባይ የሚፈለግበት ዘመን ማለፉ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማዕድኑ የሚወጣው ከላይ በተከፈቱ ጕድጓዶች ነበር። ነገር ግን ብረቱ በአለቱ መካከል እንደ ተተከለ ሰሌዳ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ስለ ሆነ፥ ጕድጓዱ በጠለቀ ቍጥር ግድግዳው እየረዘመ፥ ከላይ የሚናደው ድንጋይም ለሠራተኛው የሞት ጥላ እየሆነ ሄደ። ጕድጓዱን ለማስፋት ደግሞ ጥቅም የሌለውን ብርቱ አለት ሁሉ ማንሣት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ በ1890ዎቹ ዓመታት ሥራው ፈጽሞ ወደ ምድር ውስጥ ገባ። ከብረቱ አጠገብ በአለቱ ውስጥ ዋና የመውረጃ ጕድጓድ ተቈፈረ፤ ከዚህም ጕድጓድ ወደ ጎን፥ ልክ እንደ ፎቅ ቤት ደርቦች፥ አንዱ ከአንዱ በታች የሆኑ መተላለፊያዎች ወጡ። በመጨረሻ የደርቦቹ ቍጥር 27 ደረሰ። ሃያ ሰባተኛው ደርብ ከምድር ገጽ 713 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው፤ ከባሕር ወለል ጋር ቢነጻጸርም ከ200 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል።

በዚህ ጥልቀት ማን ይሠራ ነበር? በመጀመሪያ ከጎረቤቱ ከሚሺጋን ግዛት ማዕድኖች የመጡ፥ በተለይም ኮርንዎል ከተባለው የእንግሊዝ አውራጃ ወገን የሆኑ የቍፋሮ ዐዋቂዎች ነበሩ። በኋላ ስዊድናውያን፥ ፊንላንዳውያን፥ ስሎቬናውያንና ኢጣሊያውያን ተጨመሩ። ቋንቋቸው የማይገናኝ ሰዎች በጨለማ ውስጥ አንዱ የሌላውን ነፍስ ተማምኖ መሥራት ነበረባቸው። ብርሃናቸው በመጀመሪያ ከባርኔጣቸው ላይ ወይም ከአለቱ ስንጥቅ የሚሰካ ሻማ ነበር። ከሻማው በኋላ የካርባይድ ፋኖስ መጣ፤ ይህም ካርባይድ ከሚባለው ድንጋይ መሰል ነገር ላይ ውሃ ጠብ ሲል የሚወጣውን ጋዝ እያነደደ የሚያበራ ነው። በመጨረሻም ከባርኔጣ ላይ የሚታሰር የኤሌክትሪክ መብራት ሁሉንም ተካ።

መቈፈሪያውም እንዲሁ ተለዋውጧል። በጥንቱ አሠራር አንዱ ሠራተኛ የብረት መሮውን ይይዛል፥ ሌላው በመዶሻ ይመታዋል፤ በየምቱም መካከል ያዡ መሮውን ጥቂት ያዞረዋል። በዚህ ዓይነት በአለት ውስጥ አንድ ክንድ የሚያህል ቀዳዳ ማውጣት ብዙ ድካም ይጠይቅ ነበር። በኋላ በታመቀ አየር የሚሠራ መሰርሰሪያ መጣ። ከምድር ላይ በተተከለ ቤት ውስጥ ያሉ ታላላቅ ሞተሮች አየሩን እያመቁ በቧንቧ ወደ ታች ይልኩታል፤ አየሩም ከመሰርሰሪያው ሲደርስ እንደ መዶሻ እየመታ ብረቱን ወደ አለቱ ይነዳዋል። ይሁን እንጂ አዲሱ መሣሪያ አዲስ መከራ ይዞ መጣ። የአለቱ ደቃቅ ትቢያ በሳንባ እየገባ የብዙ ማዕድን ቈፋሪዎችን ዕድሜ ስላሳጠረ፥ በአሜሪካ ማዕድኖች መሰርሰሪያው ሚስትን ባልዋን የሚያሳጣ ተብሎ ተሰይሞ ነበር። በመሰርሰሪያው ውስጥ ውሃ እየተላለፈ ትቢያውን እንዲያረጥብ ከተደረገ ወዲህ አደጋው ቀለል አለ። ከዚህ እንደምንረዳው መሣሪያ ፈጣን በመሆኑ ብቻ ጥሩ አይባልም፤ የሚሠራበትን ሰው ሲጠብቅ ነው ጥሩ የሚባለው።

አሁን ደግሞ ብረቱ እንዴት እንደሚወጣ በተራ እንመልከት። ሠራተኞቹ ብረቱን የሚቈፍሩት ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ነበር። በአንድ ደርብ ላይ ዋሻ ይከፍቱና የዋሻውን ጣራ በመሰርሰሪያ ይበሱታል። ቀዳዳዎቹን በድማሚት ይሞላሉ፤ ሰው ሁሉ ከራቀ በኋላ ይተኵሱታል። የተሰበረው ብረት ከዋሻው ወለል ላይ ይወድቃል። ከዚያ በሽቦ ገመድ የሚጐተት መዛቂያ ብረቱን እየጐተተ ወደ ታችኛው መተላለፊያ በሚወስደው ጕድጓድ አፍ ይጥለዋል። ጥቅም የሌለው ድንጋይ ግን ወደ ላይ እንዲወጣ አይደረግም፤ በዋሻው ወለል ላይ ይነጠፋል። ጣራው ወደ ላይ በሸሸ ቍጥር ወለሉም በዚህ ድንጋይ እየተሞላ ከፍ ስለሚል፥ ሠራተኛው ሁልጊዜ ከጣራው ሥር እንደ ቆመ ይሠራል። ዋሻውም ባዶ ሆኖ ስለማይቀር የመደርመስ አደጋው ያንሳል። ድንጋዩን ለማውጣት ይጠፋ የነበረው ገንዘብም በዚያው ይድናል። በአንድ ዘዴ ሦስት ጥቅም ተገኘ ማለት ነው።

በጕድጓዱ አፍ የተጣለው ብረት በራሱ ክብደት እየተንሸራተተ ወደ መተላለፊያው ይወርዳል። በዚያም ከጕድጓዱ ግርጌ ያለው መዝጊያ ሲከፈት ብረቱ በፉርጎዎቹ ላይ ይፈስሳል። ፉርጎዎቹን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ባቡር እየሳበ፥ በጠባብ ሐዲድ ላይ እስከ ዋናው ጕድጓድ ያደርሳቸዋል። በመጨረሻው ዘመን የሥራው ስፍራ ከዋናው ጕድጓድ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነበር።

ዋናው ጕድጓድ ስምንተኛው ጕድጓድ ይባላል። እንደ ውሃ ጕድጓድ ፈጽሞ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ብረቱን ተከትሎ በ78 ዲግሪ ጥቂት ያዘነብላል። በውስጡ ብረቱን የሚያወጣ ታላቅ የብረት ቅርጫትና ሰው የሚያመላልስ አሳንሰር በሐዲድ ላይ ይመላለሳሉ። ይህን ሁሉ የሚስበው ማሽን በ1924 ዓ.ም. ሚልዋኪ ላይ ባለው በአሊስ ቻልመርስ ኩባንያ የተሠራ፥ በኤሌክትሪክ ኀይል የሚዞር መዘውር ነው። መዘውሩ ከጕድጓዱ አፍ ራቅ ብሎ በተሠራ ቤት ውስጥ ተተክሏል። ወፍራሙ የሽቦ ገመድ ከመዘውሩ ተነሥቶ፥ ከጕድጓዱ በላይ በቆመው የብረት ማማ ጫፍ ባለው መንኰራኵር ላይ አልፎ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ሁለቱ ወገን እንደ ሚዛን የተመዛዘነ ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። በዚህም ምክንያት ሞተሩ የሚስበው የብረቱን ክብደት እንጂ የዕቃውን ክብደት ሁሉ አይደለም። አሳንሰሩ ሰው ሲጭን እስከ ሃያ ሰባተኛው ደርብ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው።

የመዘውሩን ነጂ ሥራ ጥቂት ልንመለከተው ይገባል። ይህ ሰው ከመቀመጫው ሆኖ ጕድጓዱንም ሆነ በውስጡ ያሉትን ሰዎች አያይም። ዐይኑ ጥልቀቱን በሚያመለክተው ሰሌዳ ላይ፥ ጆሮው በደወሉ ላይ፥ እጁም በፍሬኑ ላይ ነው። ከታች ያለው ሠራተኛ ደወል በመደወል ያነጋግረዋል፤ ስንት ጊዜ እንደ ተደወለ በመቍጠር ይውጣ፥ ይውረድ፥ ይቁም፥ ሰው ተሳፍሯል የሚለውን ይለያል። አንድ ደወል ቢሳሳት፥ ወይም ለጥቂት ሰከንድ ሐሳቡ ቢሄድ፥ በገመዱ ጫፍ ያሉት ነፍሶች ናቸው የሚከፍሉት። ስለዚህ በማዕድን አገር መዘውር ነጂነት ለማንም የማይሰጥ፥ የታመነ ሰው ሥራ ነበር።

ከምድር በላይም ሌሎች ቤቶች አሉ። በአንደኛው የወጣው ብረት በታላቅ መሰባበሪያ እየተሰበረ ለባቡር ጭነት ይዘጋጃል። በሌላው የደነዘዙ የመሰርሰሪያ ብረቶች ይሳላሉ። ማድረቂያ ቤት የሚባለው ደግሞ ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ የሚታጠብበትና ልብሱን የሚለውጥበት ነው፤ በእርጥብ ልብስ ወደዚያ ብርድ መውጣት ሕይወትን መስጠት ነውና። ከሁሉም ይልቅ ግን ዕረፍት የሌለው ፓምፑ ነው። በአለቱ ስንጥቅ የሚንጠባጠበው ውሃ ሌሊትና ቀን አያቋርጥም። ሰው ቢተኛም፥ በዓል ቢሆንም፥ ፓምፕ ከቆመ ውሃው ከታችኛው ደርብ ጀምሮ እየሞላ ይወጣል።

በዘመኑ የነበሩ ማዕድን ዐዋቂዎች ሱዳንን ካዲላክ ከሚባለው ውድ አውቶሞቢል ጋር እያመሳሰሉ፥ የምድር ውስጥ ማዕድኖች ካዲላክ ይሉት ነበር። አለቱ ጠንካራ ስለ ሆነ ብዙ የእንጨት ድጋፍ አያስፈልገውም፤ ከታችም በረዶው ወራትም ሆነ በበጋ ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት አለፍ ብሎ እንደ ጸና ይኖራል። ላይ ያለው አገር በበረዶ ሲደርቅ፥ የማዕድኑ ሠራተኛ ወደ ሥራ ሲወርድ ወደ ሙቀት ይወርድ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ማዕድን ስለ ምን ተዘጋ? መልሱ የሚገኘው ከጕድጓዱ ውስጥ ሳይሆን ከሩቅ አገር ከብረት ፋብሪካዎች ምድጃ ነው።

በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ አብዛኛው የአሜሪካ ብረት የሚጣራው በሰፊና ጐድጓዳ ባልሆነ ምድጃ ነበር። ከመጀመሪያው ማቅለጫ የወጣው ብረት ካርቦን የሚባለው የከሰል ባሕርይ ስለሚበዛበት ተሰባሪ ነው፤ ጥሩ ብረት እንዲሆን ይህን ካርቦን ማስወገድ ያስፈልጋል። ካርቦኑን የሚያስወግደው ኦክሲጅን ነው። ስለዚህ ሠራተኞቹ በቀለጠው ብረት ላይ ጠንካራና ከባድ የሄማታይት ድብልብል ይጨምሩበት ነበር። ከባድ በመሆኑ ከላይ የሚንሳፈፈውን አተላ ሰንጥቆ ይሰጥማል፤ በውስጡ ያለውንም ኦክሲጅን እየለቀቀ ካርቦኑን ያቃጥላል። ዱቄት የሆነ ማዕድን ይህን ሥራ አይሠራም። የሱዳን ብረት ዋጋው የጨመረው፥ ከሰባት መቶ ሜትር ጥልቀት ለማውጣት የሚጠይቀውንም ወጪ የከፈለው በዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት አዲስ ጥበቦች መጡ። አንደኛው በ1952 ዓ.ም. በኦስትሪያ አገር በሊንዝ ከተማ ሥራ የጀመረው አሠራር ነው። በዚህ አሠራር ንጹሕ ኦክሲጅን በቧንቧ በብርቱ ግፊት በቀለጠው ብረት ላይ ይነፋበታል። በአሮጌው ምድጃ ብዙ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ማጣራት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይፈጸም ጀመር። ኦክሲጅኑ ከአየር ከተገኘ፥ ኦክሲጅን ሊሰጥ ከምድር ጥልቅ የሚወጣው ጠንካራ ድንጋይ የሚፈለግበት ምክንያት ቀረ።

ሁለተኛው ጥበብ የመጣው ከሩቅ ሳይሆን ከዚያው ከሚኒሶታ ነው። በሱዳን አጠገብ ባለው ሜሳቢ በተባለው አውራጃ ታኮናይት የሚባል ብርቱ ድንጋይ በብዛት አለ፤ ብረቱ ግን ከመቶ 30 እጅ እንኳ ብዙ ጊዜ አይሞላምና ለረጅም ዘመን እንደ ከንቱ ይቈጠር ነበር። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ መምህርና ተመራማሪ የነበረው ኤድዋርድ ዴቪስ ይህን ድንጋይ ለመጠቀም አያሌ ዓመታት ደከመ። ዘዴው ድንጋዩን እንደ ዱቄት አልሞ መፍጨት፥ ብረቱን በማግኔት መለየት፥ ዱቄቱንም እንደ ሽምብራ ፍሬ እያድበለበሉ በእሳት መጥበስ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት ይህ ሥራ በታላላቅ ፋብሪካዎች ተጀመረ። ከድሃው ድንጋይ የተሠራው ፍሬ የብረቱ መጠን ከሱዳኑ ማዕድን የማያንስ ሆነ፤ ከዚህም በላይ መጠኑ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ ለማቅለጫው ምድጃ የተመቸ ነበር። ድንጋዩ ደግሞ ከላይ በተከፈተ ሰፊ ጕድጓድ በታላላቅ ማሽኖች የሚዛቅ ስለ ሆነ መዘውርም፥ አሳንሰርም፥ በፋኖስ የሚሠራ ሰውም አይፈልግም።

በዚህ ምክንያት በዲሴምበር ወር 1962 ዓ.ም. የሱዳን ማዕድን ተዘጋ። እስከዚያ ድረስ ከ15 ሚሊዮን ቶን በላይ የብረት ማዕድን ሰጥቶ ነበር። ከታች የቀረው ብረት ጥራቱ አልጐደለም፤ ጠንካራነቱም አልቀነሰም። የተለወጠው ፈላጊው ነው። ለቈፋሪው ግን ይህ የጥበብ ለውጥ ማለት የእንጀራ ጉዳይ ነው። በአለቱ ድምፅ ብቻ ጣራው ይወድቅ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ለይቶ የሚያውቅ ሰው፥ ዕድሜውን ያጠራቀመው ዕውቀት በአንድ ቀን ገበያ አጣ። በመንደሩም የሰዓት ያህል የሚታመነው የመዘውሩ ድምፅ ጸጥ አለ።

አብዛኛው የተዘጋ ማዕድን ዕድሉ የታወቀ ነው። መሣሪያው ተነቅሎ ለቍርጥራጭ ብረት ይሸጣል፥ ፓምፑ ይቆማል፥ ጕድጓዱም ውሃ ይሞላል። ሱዳን ግን ከዚህ ዳነ። ኩባንያው ማዕድኑን ከነመሣሪያው ለሚኒሶታ ግዛት አስረከበ። በ1965 ዓ.ም. ሕዝብ የሚጐበኘው የመንግሥት ፓርክ ሆነ፤ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ታሪካዊ ስፍራዎች መዝገብ ገባ። የ1924ቱ መዘውር ብረት ማውጣቱን ትቶ ጐብኚዎችን ያወርድና ያወጣ ጀመር።

ከጐብኚዎች ቀጥለው የተፈጥሮ ሊቃውንት መጡ። ከሰማይ ዘወትር በምድር ላይ የሚዘንቡ በዐይን የማይታዩ ጨረሮች አሉ፤ እጅግ ረቂቅ ነገር ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ መሸሸግ አለበት። ሰባት መቶ ሜትር አለት ደግሞ ጥሩ ጣራ ነው። ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በሃያ ሰባተኛው ደርብ ላይ የምርምር ቤት ተሠራ። በኋላም ኒውትሪኖ የሚባሉትን ረቂቃን ለማጥናት 5,400 ቶን የሚመዝን መሣሪያ ተተከለ። ኒውትሪኖዎቹ በቺካጎ አጠገብ ከሚገኘው ፌርሚላብ ከተባለው የምርምር ድርጅት ተነሥተው 735 ኪሎ ሜትር በአለት ውስጥ ይጓዙና በዚህ መሣሪያ ውስጥ ያልፋሉ። የመሣሪያው አብዛኛው ክፍል 486 የብረት ሰሌዳዎች ናቸው። ሰሌዳዎቹ ከጕድጓዱ በላይ የሰፉ ስለ ሆኑ በቍርጥራጭ ወርደው ከታች ተገጣጠሙ። ለሰማንያ ዓመት ያህል ብረት ሲወጣበት የኖረው ጕድጓድ፥ በመጨረሻ የተሠራ ብረት ተመልሶ ወረደበት ማለት ነው። ያወረደውም ያው አሮጌ መዘውር ነው። የምርምሩ ሥራ እስከ 2016 ዓ.ም. ቀጥሎ ተፈጸመ።

በማርች ወር 2011 ዓ.ም. በዋናው ጕድጓድ ውስጥ እሳት ተነሥቶ ነበር። እሳቱ በውሃና በአረፋ ጠፋ፤ በሰውም ላይ ጉዳት አልደረሰም። ነገር ግን ይህ አደጋ አንድ ነገር አሳሰበ። አሮጌ ማዕድን እንደ ሐውልት ዝም ብሎ የሚቆም ዕቃ አይደለም። ገመዱ በየጊዜው ካልተመረመረ፥ ፓምፑ ካልሠራ፥ አለቱ ካልተፈተሸ፥ ታሪኩም አብሮ ይሰጥማል።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ከዚህ ማዕድን ታሪክ የምንረዳው፥ የአንድ ነገር ሀብትነት በነገሩ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ አለመሆኑን ነው። በ1865 ዓ.ም. ወርቅ ፈላጊው የረገጠው ድንጋይ ሐዲድ ሲዘረጋለት ሀብት ሆነ። ሌላ ጥበብ ሲመጣ ያው ድንጋይ ከምድር ሥር ቀረ። ከንቱ ተብሎ የተናቀው ታኮናይት ደግሞ ዱቄት የሚያደርገውና የሚለየው ዕውቀት ሲገኝ ከፍ አለ። እንግዲህ የምድርን ሆድ የሚቈፍር ሕዝብ ሁሉ ከመሬቱ በታች ያለውን ብቻ ሳይሆን ከመሬቱ በላይ የሚለወጠውንም ጥበብ መከታተል ይገባዋል። ሠራተኛውም ሥራው ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥበትን ትምህርት አስቀድሞ ሊያገኝ ያስፈልገዋል፤ ጕድጓዱ ከተዘጋ በኋላ የሚሰጥ ምክር ዝናቡ ካባራ በኋላ እንደሚሰጥ ጃንጥላ ነውና።